የኢስቶኒያን ኩባንያዎች ማን አሳደጋቸው፣ የታክስ ሕጉ ወይስ ሌላ?

ሒሳብ ሠራተኛው፦
እኔ ልጀምር። ኢስቶኒያ 1.3 ሚሊዮን ሕዝብ ይዛ የኢንተርኔት መደወያውን ስካይፕንና የታክሲ መጥሪያ መተግበሪያውን ቦልትን ያፈራችው በታክስ ሕጓ ነው ባይ ነኝ። ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኩባንያ ትርፉን መልሶ ሥራው ላይ ካዋለው ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም። ባለቤቶቹ ትርፉን ሲከፋፈሉት ነው መንግሥት ድርሻዬን የሚለው፤ ያውም ከ2025 ወዲህ 22 በመቶ። ይህን የሚጠላ ነጋዴ አለ?

ኮድ ጸሐፊዋ፦
ወንድሜ፣ ስካይፕን እንኳ ተወው። መሥራቾቹ አንድ ስዊድናዊና አንድ ዴንማርካዊ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሉክሰምበርግ። በኢስቶኒያ ዋና ከተማ በታሊን የነበሩት ኮዱን የጻፉት ልጆች ናቸው። ልጆቹን ታክስ አላስተማራቸውም። መንግሥት በ1996 «የነብር ዝላይ» ብሎ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት በየትምህርት ቤቱ ማስገባት ጀመረ። ምስጢሩ እዚያ ነው።

ጠያቂው፦
እህቴ፣ ዓመቱን ቁጠሪው እስቲ። የስካይፕ ፕሮግራመሮች በ1996 ትምህርት ቤት ጨርሰው ወጥተዋል፤ ገና ሶቪየት ሳትፈርስ የኮምፒውተር ጌም ይሠሩ ነበር! የነብር ዝላይ ለቦልቱ ማርኩስ ቪሊግ ይሠራ ይሆናል። እሱ በ2013፣ በ19 ዓመቱ፣ ከወላጆቹ 5 ሺህ ዩሮ ተበድሮ ነው የጀመረው። በዚያ ብር ምን ትርፍ፣ ምን ታክስ?

ለእኔ ነገሩ የተገለበጠው በ2005 ነው። የአሜሪካው የኢንተርኔት መገበያያ ኢቤይ ስካይፕን በ2.6 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፣ ኮዱን የጻፉት ድርሻቸውን ይዘው በአዳዲስ ኩባንያዎች ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ጀመሩ። የስካይፕ የመጀመሪያ ተቀጣሪ የነበረው ታቬት ሂንሪኩስም በ2011 ከጓደኛው ጋር ገንዘብ ወደ ውጭ አገር መላኪያውን ዋይዝን መሠረተ። (በስካይፕ አገር ቤት ስንደውል፣ «ይሰማል? ይሰማል?» ስንል፣ ማን ምን እያተረፈ እንደነበር አላሰብንም።)

ሒሳብ ሠራተኛው፦
ዋይዝ የተመሠረተው ለንደን ነው እኮ!

ጠያቂው፦
እሱን ነው የምልህ። ታክሱ ያን ያህል ከጎተተ ለምን ለንደን ሄዱ? ገበያውና ባለሀብቱ እዚያ ስለነበር ነዋ።

የታሊኗ፦
እዚሁ ስለምኖር አንድ ነገር ልጨምር። መታወቂያዬን ካርድ ማንበቢያው ላይ ሰክቼ ፒን አንድ አስገብቼ እገባለሁ፣ በፒን ሁለት እፈርማለሁ። የታክስ ቅጹ ተሞልቶ ይጠብቀኛል፣ ማየትና ማጽደቅ ብቻ። ከጀርባው ያለው ኤክስ ሮድ የሚባለው የመረጃ መለዋወጫ ከ2001 ጀምሮ ይሠራል፣ የገነባውም ሳይበርኔቲካ የሚባል የአገሬው ኩባንያ ነው። ስለዚህ ታክስ ታክስ ስትሉ መንግሥት ደንበኛም እንደነበር አትርሱ። ለአገር ልጅ ሥራ ሰጥቶ ከፈለ። ይሄ ትርፍን ከታክስ ነፃ ከማድረግ ይበልጣል።

ሒሳብ ሠራተኛው፦
ታዲያ መንግሥት ለመከላከያ ብሎ ከኩባንያ ትርፍ 2 በመቶ ሊወስድ ሲል ለምን ሁሉም ጮኸ? ለምንስ ተወው?

ኮድ ጸሐፊዋ፦
ነጋዴ መቼ ታክስ ሲጨመር አጨብጭቦ ያውቃል? ጎረቤታቸው ሩሲያ ናት፣ መከላከያው አይቀርም። ከኩባንያ ካልወሰዱ ከማን ሊወስዱ ነው? ተጨማሪ እሴት ታክሱ 24 በመቶ ደርሷል፣ እሱን ደግሞ ዳቦ ገዢው ነው የሚከፍለው። እስቲ ለዚህ መልስ ስጠኝ።