የሬጅስተር ሰንጠረዥ ከ0 ይጀምር ወይስ ከ1?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በሞድበስ (የኢንዱስትሪ መሣሪያዎች መገናኛ ፕሮቶኮል) ለሚነበብ የሙቀትና የግፊት መለኪያ የሬጅስተር (ባለ 16 ቢት የዳታ ቤት) ሰንጠረዥ እያዘጋጀን ነው። ግማሾቻችን የመጀመሪያው ሬጅስተር 0 ይባል እንላለን፣ ግማሾቻችን 40001። ሰነዱ አንዴ ከወጣ ቁጥሩን መቀየር አይቻልም። የቱ ይሻላል?

መልስ 1፦ ሁለቱም ከራሱ ከሞድበስ የመጡ ናቸው። የዳታ ሞዴሉ ከ1 እስከ 65536 ይቆጥራል፤ በመልእክቱ ውስጥ የሚላከው አድራሻ ግን ከ0 እስከ 65535 ነው። ፊት ላይ ያለው 4 ሆልዲንግ ሬጅስተር (የሚነበብም የሚጻፍበትም ዓይነት) መሆኑን ብቻ ያሳያል እንጂ አይላክም። 40017ን ለማንበብ 40001 ይቀነሳል፣ 16 ይቀራል። የመሣሪያው ቁጥር 1 ከሆነ በሄክሳዴሲማል 01 03 00 10 00 01 ይላካል (መሣሪያ 1፣ የማንበብ ትዕዛዝ 03፣ አድራሻ 16፣ ብዛት 1)፣ ሁለት ባይት ሲአርሲ (የስህተት መፈተሻ) ይከተለዋል። ሁለቱንም ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፏቸው።

መልስ 2፦ በሁለት ዓምድ አልስማማም፤ አንዱ ሲታረም ሌላው ይረሳል። የሚላከውን አድራሻ ብቻ ከ0 ጀምራችሁ ጻፉ፣ ይህንንም ከሰንጠረዡ አናት ላይ በግልጽ አስፍሩ።

ዋናው አደጋ በአንድ መዛነፍ ብዙ ጊዜ የስህተት ኮድ አለማምጣቱ ነው። ኮድ 02 የሚመለሰው ንባቡ ከሰንጠረዡ ውጭ ሲወጣ ነው። ባለ 32 ቢት ፍሎት (የነጥብ ቁጥር) ሁለት ሬጅስተር ስለሚይዝ፣ አንድ ቤት ከተዛነፈ የአንዱ ልኬት ግማሽ ከሚቀጥለው ግማሽ ጋር ተጣብቆ ትርጉም የለሽ ቁጥር ይወጣል። አንዳንድ የማንበቢያ ሶፍትዌር ደግሞ ሳይጠየቅ 1 ይቀንሳል። ስለዚህ አድራሻ 0 ላይ 12345፣ አድራሻ 1 ላይ 23456 በቋሚነት አስቀምጡ። አድራሻ 0ን ጠይቆ 23456 ያገኘ ሰው በአንድ እንደቀደመ ወዲያው ያውቃል።

ጠያቂ፦ በጣም አመሰግናለሁ። የአላርም ሬጅስተሩ 16 ቢቶችስ?

መልስ 3፦ ቢት ላይ ከመነሻው ይልቅ አቅጣጫው ይብሳል። የ1981ዱ አርኤፍሲ 791 (የኢንተርኔት ፕሮቶኮል ሰነድ) ቢት 0 የሚለው በዋጋ ትልቁን ቢት ነው፤ አብዛኛው የፕሮሰሰር ሰነድ ግን ትንሹን። የከባድ ተሽከርካሪዎቹ የመገናኛ ደንብ ጄ1939 ባይትንም ቢትንም ከ1 ሲቆጥር፣ የእነዚህኑ መልእክቶች አቀማመጥ የሚገልጸው ዲቢሲ ፋይል ቢትን ከ0 ይቆጥራል፤ ባይት 4 ላይ የሚጀምረው የሞተር ፍጥነት በዲቢሲ መነሻ ቢቱ 24 ነው። እናንተ ትንሹን ቢት 0 በሉት፤ የቢቱ ቁጥር ራሱ የ2 አርቢ ስለሚሆን ስሌት አያስፈልገውም። ያም ሆኖ «ቢት 3» ብላችሁ አትተዉት፤ «ቢት 3፣ ዋጋ 8» ብላችሁ ጻፉ።