አዲስ ሌቨሊንግ ቫልቭ ተገጥሞም በቀኝ በኩል የሚወርድ ኤር ሳስፔንሽን

መኪናው 6×4 ወታደራዊ የጭነት መኪና ነው፤ ኋላው በአየር ከረጢት የተሸከመ፣ ግራና ቀኙ የየራሱ ሌቨሊንግ ቫልቭ (ለከረጢቱ አየር እየሰጠና እያስወጣ ከፍታውን የሚያስተካክል) ያለው። ሞተር ከጠፋ በ4 ሰዓት ውስጥ ቀኙ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ግራው ንቅንቅ አይልም። የኤር ታንኩ ጌጅ ግን 8 ባር ላይ እንደቆመ ነው።

ከረጢቶቹን፣ በተለይ ፒስተኑ ላይ የሚታጠፈውን የታችኛውን ክፍል፣ እንዲሁም መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ ፈተሽኩ፤ አረፋ የለም። ሻንሲውን በካቫሌቶ (በብረት መደገፊያ) ደግፌ (ያለዚያ ስሩ መግባት የለም) የከረጢቱን መስመር ከቫልቩ ነቅዬ በታፖ (በመድፈኛ) ዘጋሁት፤ ካቫሌቶውን ካወጣሁ በኋላም እስከ ጠዋት አልወረደም። ስለዚህ ቫልቩን በአዲስ ቀየርኩ። 2 ቀን በደንብ ሠራ፤ አሁን ግን በመተንፈሻ ቀዳዳው ቀስ እያለ ያፏጫል። የቫልቩን ክንድ ከአክስሉ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ ፈትቼ ክንዱን በመሃል ማቆሚያ ፒን ብቆልፈውም ፉጨቱ አልቆመም፤ ስለዚህ የዘንጉ ርዝመት ጥፋት አይመስለኝም። የምጠረጥረው ሌላ ነው፦ ታንኩን ሳራግፍ ዘይት የቀላቀለ ጥቁር ውሃ ወጣ።

ሌላ ቫልቭ ከመግጠሜ በፊት የኤር ድራየሩን (የአየር ማድረቂያውን) ካርትሪጅ ቀይሬ መስመሩን ባጸዳ ይበቃል፣ ወይስ ዘይት የሚተፋው ኮምፕሬሰር ካልተፈታ የቫልቩ መቀመጫ መልሶ ይበላሻል?