የቢትኮይን ፈጣሪ ማን ነው? ሬዲዮ ላይ ምን ልበል?

ማይክራፎን (ጠያቂ)፦ ሰላም ቤተሰብ። በአንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ አጭር የቴክኖሎጂ ዝግጅት አለኝ፤ የዚህ ሳምንት ርዕስ ሳቶሺ ናካሞቶ ነው፤ ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ የፈጠረው ሰው የተጠቀመበት የብዕር ስም። አንዱ ሃል ፊኒ ነው ይላል፣ ሌላው ራሱን ሳቶሺ ነኝ ያለውን ክሬግ ራይትን፣ በ2024 የወጣው የአሜሪካው ቴሌቪዥን ኤችቢኦ ዶክመንተሪ ደግሞ የቢትኮይን ፕሮግራመሩን ፒተር ቶድን ጠቁሟል (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። አለቃዬ «አንዱን ምረጪና ቁርጡን ንገሪን» ብሎኛል። ቀረጻው ዓርብ ነው፤ የቱን ልያዝ?

ቁልፍ ያዥ፦ የቱንም አትያዢ እህቴ። ራይትን ግን በቀላሉ ትዘጊዋለሽ። ሳቶሺ ነኝ ባይ በመጀመሪያዎቹ ብሎኮች (የቢትኮይን መዝገብ ገጾች በያቸው) የግል ቁልፍ፣ ማለትም ባለቤቱ ብቻ በሚያውቀው ምስጢራዊ ቁጥር፣ አዲስ መልእክት ፈርሞ ቢያሳይ ማንም በራሱ ኮምፒውተር ያረጋግጠዋል። ቁልፍ ሊሰረቅም ይችላል፣ ግን ቢያንስ መነሻ ይሆናል። ራይት በ2016 ብሎጉ ላይ ያወጣው ፊርማ ሳቶሺ በ2009 ካደረገው ግብይት የተገለበጠ ሆኖ ተገኘ፤ ብሎክቼይኑ (የግብይቶቹ ሁሉ መዝገብ) ላይ ለሁሉም ክፍት ሆኖ የተቀመጠ ፊርማ! በማርች 2024 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ጄምስ ሜለር ራይት ሳቶሺ አይደለም ብለው ወሰኑ፤ በኋላ በጽሑፍ ባወጡት ፍርድ ሰነድ መፎርጀዱንም አስፍረዋል። ልብ በይ፣ ፍርዱ ማን እንዳልሆነ እንጂ ማን እንደሆነ አይናገርም።

አሮጌ ኖድ፦ እኔ ፊኒ ነው ባይ ነኝ። በጃንዋሪ 2009 ከሳቶሺ የመጀመሪያውን 10 ቢትኮይን የተቀበለ እሱ፣ የክሪፕቶግራፊ (መረጃን በምስጢር የመቆለፍ ሙያ) ሊቅ እሱ፣ ያውም ካሊፎርኒያ ውስጥ ናካሞቶ ከሚባል ሰው ጥቂት መንገድ አልፎ ይኖር ነበር። ይሄ ሁሉ አጋጣሚ ነው?

የሲኤምሲ ልጅ፦ ጉርብትና ውሃ አያነሳም። ያንን ሰውዬ ኒውስዊክ በ2014 ሳቶሺ ነው ብሎ አወጣውና ደጁ በጋዜጠኛ ተጥለቀለቀ፤ አይደለሁም ብሏል። ማይክራፎን፣ የሰውዬውን ሙሉ ስም ባትጠሪው ደስ ይለኛል። ፊኒ ደግሞ ኤፕሪል 18 ቀን 2009 ጠዋት ሳንታ ባርባራ ውስጥ 10 ማይል ሩጫ ላይ ነበር። ሳቶሺ በዚያው ሰዓት ከቀደምት የቢትኮይን ፕሮግራመሮች አንዱ ከሆነው ከማይክ ሄርን ጋር ኢሜይል ይጻጻፍ ነበር። እየሮጠ ነው የጻፈው?

አሮጌ ኖድ፦ ሁለት ሰዎች ቢሆኑስ?

የሲኤምሲ ልጅ፦ እንዲያ ከሆነማ ምንም ማስረጃ ቢመጣ «ያኔ የጻፈው ሌላኛው ነው» ልትለኝ ነዋ!

ቁልፍ ያዥ፦ የቶድም ያው ነው። ፊልሙ ከያዛቸው ዋና ነገሮች አንዱ ቶድ በዲሴምበር 2010 ከሳቶሺ ጽሑፍ ሥር የሰጠው አጭር አስተያየት ነው፦ ሳቶሺ ራሱ ቶድ ስለሆነ አካውንት መቀየር ረስቶ የራሱን ሐሳብ እየጨረሰ ነው የሚል። አስተያየቱን ብታነቢው ግን አንድ ጎበዝ አንባቢ ያስገባው እርማትም ይመስላል። ቶድ አይደለሁም ብሏል፤ አየር ላይ ስሙን ካነሳሽ ይህንን አብረሽ ንገሪ። በ2014 ያረፈው ፊኒም ክዷል።

ማይክራፎን፦ ተባረኩ። «ሳቶሺ ማንነቱ ያልታወቀ፣ በ2011 ምናልባትም የሞተ ቢሊየነር ነው» ልበል?

ቁልፍ ያዥ፦ «የሞተ»ን አውጪው። ተመራማሪዎች የመጀመሪያዎቹ ብሎኮች ከተሠሩበት (አዲስ ቢትኮይን ከተገኘበት) መንገድ ተነስተው ወደ 1 ሚሊዮን ቢትኮይን የእሱ ሳይሆን አይቀርም ብለው ገምተዋል። ሳንቲሞቹ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጣቸው መሞቱን አያሳይም፤ ቁልፉ ጠፍቶበት ወይም ላለመንካት ቆርጦ ሊሆን ይችላል። «በኤፕሪል 2011 ለሄርን ወደ ሌላ ሥራ ዞሬያለሁ ብሎ ጻፈ» በይ። አለቃሽ ቁርጥ ከፈለገ የራይትን ፍርድ ስጪው።