ጥቆማ፦ የተቆለፈ ሃርድ ዲስክ የሚያስተካክል ጎበዝ ባለሙያ አዲስ አበባ ውስጥ ማን አለ?

ጠያቂው
ሰላም ለሁላችሁ። 1 ቴራ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አለኝ። ኡቡንቱ ላይ በተርሚናል፣ ክሪፕትሴትአፕ በሚባለው የዲስክ መቆለፊያ ፕሮግራም ነው የቆለፍኩት። ፓርቲሽን የለውም፤ ሙሉ ዲስኩ ሉክስ በሚባለው የሊኑክስ መቆለፊያ ነው የተቆለፈው። ትናንት ፎቶ ላሳትም ሄጄ ፍላሼን ስሰጠው ልጁ ዲስኩንም አብሮ ዊንዶውስ ላይ ሰካው። «ይሄ አይታየኝም» ብሎ ዲስክ ማኔጅመንት ከፈተ። ኢኒሻላይዝ ይደረግ (እንደ አዲስ ዲስክ ይዘጋጅ) ወይ ሲለው፣ ካሉት ሁለት ምርጫዎች ኤምቢአርን መርጦ ኦኬ አለው። ቤት ገብቼ ስሰካው ፓስወርድ አይጠይቀኝም። ፓስወርዱን በደንብ አውቀዋለሁ። ውስጡ የመመረቂያ ጽሑፌና የአባቴ ፎቶዎች አሉ። አባቴ አርፏል፤ ሌላ ኮፒ የለኝም። መገናኛ፣ ቦሌ ወይስ መርካቶ ልውሰደው? ወይስ ራሴ በተርሚናል ልሞክር?

የመርካቶው
ሌላ ቦታ እንዳትለፋ። መርካቶ አንድ ልጅ አለ፣ 10 ዓመት ደንበኛው ነኝ። ሞቷል የተባለ ዲስክ አስነስቶልኛል። ስልኩን በውስጥ ልኬልሃለሁ።

ሳሪስ ነዋሪ
የተቆለፈ ዲስክ ሠርቶልህ ያውቃል?

የመርካቶው
የተቆለፈ አልወሰድኩለትም። ግን እሱ ያቃተው ነገር ለማንም አይሆንም።

የሁለት ልጆች እናት
ወንድሜ፣ ለማንም ከመስጠትህ በፊት የኔን ስማኝ። ዓምና ኤክስተርናል ዲስኬ አልከፈት ብሎኝ አንድ ሱቅ ወሰድኩት። በሁለት ቀን ይደርሳል አሉኝ። በሁለት ሳምንቱ ነው የሰጡኝ። እቤት ስከፍተው «ኒው ቮልዩም» የሚል ስም አለው፣ ውስጡ ባዶ ነው። ፎርማት አድርገውታል! የልጆቼ ቪዲዮ ነበረበት። ትንሿ መጀመሪያ የሄደችበት ቀን፣ ሁለቱም ኮሪደሩ ላይ ሲንከባለሉ። ተመልሼ ሄጄ ስጠይቃቸው «ይሠራል ብለን ነው እንጂ ዳታ እንመልሳለን አላልንም» አሉኝ። ሱቁ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ገንዘቡንም አልመለሱልኝም።

ጎፋ
ውይ እህቴ! የሱቁን ስም ጻፊው እንጂ፣ ሌላ ሰው እንዳይሄድ።

የሁለት ልጆች እናት
ስም ማጥፋት አልፈልግም። ብቻ ሰው ይጠንቀቅ።

ሳሪስ ነዋሪ
ደረሰኝ ይዘሻል? «ዳታው ሳይነካ» ብሎ አጽፎ ማስፈረም ነው።

ጎፋ
እኔም ላፕቶፕ ሰጥቼ ራሙን ቀይረውብኛል። 8 ጊጋ ሰጥቼ በ4 ጊጋ መለሱልኝ።

ቦሌ ቡልቡላ
ጠያቂው፣ ቀላል ነው። ማይክሮሶፍት አካውንትህ ውስጥ ግባ፣ 48 አሃዝ ያለው ሪከቨሪ ኪይ ታገኛለህ። እሱን ስታስገባ ይከፈታል።

ተርሚናል ወዳጅ
እሱ የዊንዶውሱ መቆለፊያ፣ የቢትሎከር ነው! ሰውዬው ሉክስ አለ፣ ኡቡንቱ አለ። ቀጥሎ የስልኩን ፓተርን ልትከፍቱለት ነው? የአባቱ ፎቶ ነው ያለበት፤ እባካችሁ ጥያቄውን አንብባችሁ መልሱ።

ሲልቨር ስፕሪንግ
እዚህ ዲሲ አካባቢ ትልልቅ ላቦራቶሪዎች አሉ። ሰው ስታገኝ ላክልኝ፣ እኔ አደርስልሃለሁ።

ተርሚናል ወዳጅ
እግዜር ይስጥህ፣ ግን ላቦራቶሪ የሚረዳው ሞተሩ ወይም ሄዱ ሲበላሽ ነው። የሱ ዲስክ ጤነኛ ነው፤ የተበላሸው መጀመሪያው ላይ ያለው ጽሑፍ ነው።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ዲስኩን ንቀለው። ከዚያ ረጋ ብለህ አንብበኝ።

ፓስወርድህ ዳታውን በቀጥታ አይከፍተውም። የሚከፍተው ሄደሩ ውስጥ፣ ማለትም ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ባለው የመቆለፊያ መረጃ ውስጥ፣ ተመስጥሮ የተቀመጠውን ዋናውን ቁልፍ ነው። ያ ቁልፍ ከተበላ ፓስወርዱን ብታውቀውም መርካቶም አሜሪካም አይመልሰውም። ያንተ ግን ተስፋ አለው። ክሪፕትሴትአፕ ከ2019 ወዲህ ሌላ ካላልከው ሉክስ 2 ነው የሚሠራው። ሉክስ 2 የሄደሩን መረጃ ሁለት ቦታ ይጽፋል። ኤምቢአር የሚነካው የመጀመሪያዎቹን 512 ባይት ነው፤ ሁለተኛው ኮፒ የሚጀምረው 16 ኪሎባይት ላይ ነው። ቁልፎቹ ደግሞ ከ32 ኪሎባይት በኋላ ናቸው። የፎቶ ቤቱ ልጅ ሌላውን ምርጫ፣ ጂፒቲን መርጦ ቢሆን ወደ 17 ኪሎባይት ስለሚጽፍ ሁለቱንም ኮፒ ይነካ ነበር።

አሁን ኡቡንቱህን ክፈት። ኤልኤስቢኤልኬ በል፣ የተሰኩትን ዲስኮች ይዘረዝርልሃል፤ ያንተን በመጠኑ ለየው። ምንም ሳትጠግን ዲዲ በሚባለው የመቅጃ ትእዛዝ የመጀመሪያውን 32 ሜጋባይት ፍላሽ ላይ ቅዳ። አይኤፍ የሚለው ጋ ዲስኩ፣ ኦኤፍ የሚለው ጋ ፋይሉ። ሁለቱ ከተቀያየሩ አለቀ፤ ኢንተር ከመጫንህ በፊት መስመሩን በጣትህ እየተከተልክ ሁለቴ አንብበው።

ቀጥሎ ክሪፕትሴትአፕ፣ ሉክስደምፕ፤ የሄደሩን መረጃ የሚያሳይ ትእዛዝ ነው። «የተምታታ ምልክት አለ፣ በራሴ አልጠግንም፣ ሪፔር ተጠቀም» የሚል ዓይነት መልእክት ከመጣ ደስ ይበልህ። ሁለተኛው ኮፒ ተገኝቷል ማለት ነው። ያኔ ክሪፕትሴትአፕ፣ ሪፔር፣ የዲስኩ ስም። እርግጠኛ ነህ ወይ ሲልህ «የስ»ን በትልልቁ ፊደል ጻፍ። ስትከፍተው በሪድኦንሊ (ለማንበብ ብቻ) ክፈትና በመጀመሪያ የአባትህን ፎቶ አውጣ። ስትጨርስ በሉክስሄደርባክአፕ የሄደሩን ኮፒ አውጥተህ ሌላ ቦታ አስቀምጥ። 16 ሜጋባይት ገደማ ናት፣ ቦታ አትፈጅም።

ሉክስፎርማት በል የሚልህ ሰው ካለ እንዳትሰማው። ያው ፓስወርድ ብትሰጠውም አዲስ ቁልፍ ነው የሚሠራው፤ አሮጌው ይጠፋል።

የመርካቶው
ይሄን ሁሉ ከመጻፍ ልጁ ጋ ወስዶ ቡና እየጠጣ ቢጠብቅ አይሻልም?

ተርሚናል ወዳጅ
ይውሰደው፣ አልከለከልኩም። ግን 32 ሜጋዋን ከቀዳ በኋላ። ፎርማት ቢያደርግበትስ?

ጎፋ
ለወደፊቱ ኤስኤስዲ ግዙ። የኔ ሳምሰንግ ቲ7 ሁለቴ ወድቆብኝ ምንም አልሆነም።

ሳሪስ ነዋሪ
ኤስኤስዲ ላይም ኦኬ ከተባለ ያው ነው።

ጠያቂው
ሁላችሁም ኑሩልኝ። ዲዲው ሠርቷል፣ 32 ሜጋ ፋይሉ ፍላሽ ላይ አለ። ደምፑ ያልከውን መልእክት አመጣ፣ የተምታታ ምልክት ይላል። ሪፔሩን ጽፌ ኢንተር ልጫን ስል ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። አጥፍቼው ተነሳሁ።

ተርሚናል ወዳጅ
አይዞህ። ኮፒው እጅህ ላይ ነው። ሪፔሩ ቢያበላሸው እንኳ ያችን ፋይል ወደ ቦታዋ መመለስ ይቻላል። ማታ ብቻህን አትሥራው፣ ሰው አጠገብህ ይሁን።

የሁለት ልጆች እናት
ይቅርታ፣ የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የኔ ዲስክ ፓስወርድ አልነበረውም። ዓምና ፎርማት የሆነውስ ይመለሳል?

ተርሚናል ወዳጅ
እህቴ፣ ካልተቆለፈ ይሻላል። ፎርማቱ ፈጣኑ ከነበረና ሌላ ነገር ካልተጻፈበት ፎቶሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ብዙ ሊያወጣ ይችላል። የፋይሎቹ ስም ይጠፋል እንጂ ቪዲዮው ይገኛል። ከዚያ ወዲህ ምን ጫንሽበት?

የሁለት ልጆች እናት
ምንም። የዚያን ቀን መሳቢያ ውስጥ ወርውሬው ነው። ከነኬብሉ እዚያው አለ።

ተርሚናል ወዳጅ
እንዳትሰኪው። ከሱ እኩል ወይም የሚበልጥ ባዶ ዲስክ ፈልጊና በውስጥ ጻፊልኝ። የሚወጣውን እዚያ ላይ ነው የምናስቀምጠው።

ሳሪስ ነዋሪ
ጠያቂው፣ እንዴት ሆንክ? ተከፈተ?

ጎፋ
2 ቴራ ባዶ ዲስክ አለኝ፣ ለእህታችን ለሳምንት ማዋስ እችላለሁ። ጎፋ ገብርኤል አካባቢ ነኝ።