ከአቴንስ እስከ ኢድራ በሸራ ጀልባ፦ ለሁለት ሰው ይቻላል?

ጥያቄ (ከጀርመን)
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ሸራ ጀልባ መንዳት ተምሮ የባሕር ፈቃዱን አውጥቷል። እኔ ገመድ ማሰርና መፍታት እችላለሁ። ከአቴንስ ተነስተን ኤጊና፣ ፖሮስ፣ ኢድራ እያልን የግሪክን ደሴቶች ሳንቸኩል መዞር አምሮናል። ኦገስት ይሻላል ወይስ ሴፕቴምበር? ካፒቴን ሳንቀጥርስ እንችለዋለን? እኔን የሚያስጨንቀኝ ወደብ መግባቱ ነው።

መልስ (ከፒሬየስ፣ ከአቴንስ ወደብ)
እህቴ፣ በደንብ ትችላላችሁ። እኔና ባለቤቴ በጣም የምንወደው መስመር ነው። ሴፕቴምበር ይሁንላችሁ። በጁላይና በኦገስት መልቴሚ የሚባል የሰሜን ነፋስ አለ። ሰማዩ ጥርት እንዳለ ስለሚመጣ ደመና አይቶ መጠንቀቅ አይቻልም። የእናንተ መስመር ከሲክላዲስ ደሴቶች ይልቅ የተከለለ ነው፤ ቢሆንም ኦገስት ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ኦገስት 15 የግሪኮች የእመቤታችን በዓል ነው፤ የአቴንስ ሰው ግልብጥ ብሎ ወደ ደሴቶቹ ይወጣል። ወደብ ላይ ቦታ ማግኘት ጭንቅ ነው።

አሁን ወደ ጭንቀትሽ ልምጣ። እዚህ ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ በጎኑ አይቆምም። ከወደቡ ግንብ ራቅ ብላችሁ መልህቅ ትጥሉና በኋሊት ማርሽ ወደ ግንቡ ትጠጋላችሁ። ከዚያ ከጀልባዋ ኋላ ሁለት ገመድ ግንቡ ላይ ታስራላችሁ። ባለቤትሽ መሪውን ይይዛል፣ የመልህቁን ሰንሰለት አንቺ ትለቂያለሽ። ጀልባዋ ወደ ኋላ በሄደች ልክ ልቀቂው። ከያዝሽው ጀልባዋ ትጣመማለች፤ ዝም ብለሽ ካፈሰስሽው አንድ ቦታ ይከመርና መልህቁ የባሕሩን ወለል አይነክስም። በሞተር ድምፅ ስለማትሰማሙ በእጅ ምልክት ተነጋገሩ፦ መዳፍ ወደ ታች ልቀቂ፣ የተጨበጠ እጅ አቁሚ። የኋላ ገመዶቹን ገና ሳትገቡ አዘጋጅተሽ አስቀምጪ። መጀመሪያ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን እሰሪ።

ይህን ኤጊና ላይ ተለማመዱት እንጂ ኢድራ ላይ አትጀምሩት። የኢድራ ወደብ ትንሽ ነው፤ ጀልባ በጀልባ ፊት ይደረደራል፣ ሰንሰለት በሰንሰለት ላይ ይወድቃል። ጎረቤታችሁ ጠዋት ሲነሳ የእናንተንም መልህቅ ይዞ ሊነሳ ይችላል። ፖሮስ እደሩና በጠዋት ውጡ፤ ከምሳ በፊት ከደረሳችሁ ቦታ የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። ከተማዋ መኪና የላትም፤ ሻንጣ የሚሸከሙት በቅሎና አህያ ናቸው።

እኔን ብትጠይቂኝ ረዘም ያለ ጊዜ የምሰጠው ለፖሮስ ነው። ከማዶ ካለችው ከገላታስ ከተማ የሚለያት ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ብቻ ነው። ጀልባችሁ ላይ ቡና እየጠጣችሁ ትልልቆቹ የመንገደኛ መርከቦች በአጠገባችሁ ሲያልፉ ታያላችሁ።

ሌላ መልስ
አንድ ነገር ልጨምር። ግሪክ ያለ ካፒቴን ስትከራዩ የባለቤትሽ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛው ሰውም ልምድ እንዳለው ማረጋገጫ ይጠየቃል፣ ማለትም አንቺ። ከመክፈላችሁ በፊት አከራዩን ጠይቁ። ጊዜ ካላችሁ ፓሊያ ኤፒዳቭሮስ ወደብም ግቡ። ከወደቡ በታክሲ የጥንቱ ቴአትር ትደርሳላችሁ፤ ከ2300 ዓመት በፊት የተሠራ ነው። መሃል ቆሞ የሚናገር ሰው ድምፅ እላይኛው ደረጃ ድረስ ይሰማል።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሴፕቴምበር ብለን ወሰንን። ከኤጊና ምን እንግዛ?

ከፒሬየስ
ፒስታቺዮ! ለውዝ የሚመስል ፍሬ ነው፤ የሚለቀመው በዚያው ሰሞን ነው። ወደቡ ዳር ካሉት ኪዮስኮች ታገኛላችሁ፤ ለመንገድም ጨመር አድርጋችሁ ያዙ።