ክርክር፦ በሕክምና ቅጽ ላይ «ብሔር» የሚለው ጥያቄ ይቆይ ወይስ ይውጣ?

አወያይ፦ አንድ ሰው በዘር ስለሚተላለፍ በሽታ ሊመረመር ሲሄድ ብሔሩን መጠየቁ ለሕክምናው ይረዳዋል ወይስ በትውልዱ እንዲፈረጅ በር ይከፍታል? ጥያቄው ይህ ነው። «የእነ እገሌ በሽታ» የሚለው አነጋገር ግን ከወዲሁ እንዲቀር አደራ እንላለን።

ሐኪሙ፦ ይጠየቅ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴም የሕፃናት ሞት ነው። ነርቭን የሚያጠፋው ቴይ-ሳክስ የተባለ የዘር በሽታ የያዘው ሕፃን ጤናማ መስሎ ይወለድና ስድስት ወር ገደማ ሲሞላው መቀመጥ ያቅተዋል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ ትንሽ ድምፅ በሰማ ቁጥር ይደነግጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም አምስት ዓመት ሳይሞላው ያርፋል። ከአሽከናዚ፣ ማለትም የመካከለኛውና የምሥራቅ አውሮፓ ዝርያ ካላቸው አይሁድ መካከል ከ30 ሰው አንዱ ገደማ የጂኑ ተሸካሚ (ጂኑን ከአንድ ወላጅ ብቻ ወርሶ ራሱ የማይታመም፤ የሚታመመው ከሁለቱም የወረሰ ነው) ሲሆን በአብዛኛው ሌላ ሕዝብ ግን ከ300 አንዱ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በባልቲሞርና በዋሽንግተን አካባቢ በአይሁድ ማኅበረሰቦች የተጀመረው ምርመራ ወደ ሌሎች ከተሞች ሲስፋፋ፣ በማኅበረሰቡ ውስጥ ከበሽታው ጋር የሚወለዱት ሕፃናት ከ90 በመቶ በላይ ቀነሱ። ራቢ ዮሴፍ ኤክስታይን አራት ልጆቻቸውን በዚሁ በሽታ ከቀበሩ በኋላ ያቋቋሙት ዶር የሾሪም የተባለ የምርመራ ድርጅት ደግሞ ወጣቶቹን በስም ሳይሆን በቁጥር ይመዘግባል፤ ለጋብቻ የተፈላለጉትም የሚነገራቸው መጣጣም አለመጣጣማቸው፣ ማለትም ሁለቱም ተሸካሚ መሆን አለመሆናቸው ብቻ ነው። ማኅበረሰቡ ማንነቱን ባይናገር ኖሮ እነዚያ ሕፃናት ባልዳኑ ነበር።

የማኅበራዊ ሳይንስ መምህርቷ፦ ዶክተር፣ ውጤቱን አልክድም፤ ምሳሌዎ ግን ወደ እኔ ያደላል። ቴይ-ሳክስ በምሥራቅ ኩቤክ በሚኖሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎችና በሉዊዚያና ካጁኖች ዘንድም ይበዛል። እነዚህን ከአሽከናዚ አይሁድ ጋር የሚያመሳስላቸው ቋንቋም ሃይማኖትም ሳይሆን ከጥቂት ቅድመ አያቶች ተነሥተው ለብዙ ትውልድ እርስ በርስ መጋባታቸው ነው።

ሲክል ሴል የሚባለውን የደም በሽታ ብንወስድም ከበስተኋላው ያለችው ወባ ናት። ጂኑን ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰ ሰው ከከባድ ወባ ስለሚጠበቅ፣ ተመራማሪው አንቶኒ አሊሰን እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳሳዩት፣ ጂኑ ወባ በጸናበት አካባቢ በረከተ። ስለዚህ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ሌላ በግሪኳ ኦርኮሜኖስ፣ በሲሲሊ፣ በምሥራቅ ሳዑዲ ዓረቢያና በመካከለኛው ሕንድ ይገኛል፤ በደቡብ አፍሪካ ቆሳዎች ዘንድ ግን ብርቅ ነው። እንዲህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ የጥቁሮች በሽታ ተብሎ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ምርመራውን በሕግ ግዴታ አደረጉት። ተሸካሚ መሆንና መታመም ተምታተው ፍጹም ጤነኛ ሰዎች ሥራና ኢንሹራንስ ተከለከሉ፤ የአየር ኃይሉ አካዳሚ በተሸካሚዎች ላይ የጣለውን እገዳ ያነሣው እ.ኤ.አ. በ1981 ነበር።

የላቦራቶሪ ባለሙያው፦ እኔ የማወራው ከማይክሮስኮፑ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ወላጆቹ ከሜዲትራኒያን ዳርቻ የመጡ፣ የዓመት ከመንፈቅ ሕፃን የእጅና የእግር ጣቶቹ እያበጡ ለወራት ሲመላለስ የመገጣጠሚያ ሕመም እየተባለ ይታከም ነበር። የደሙ ስላይድ እኔ ዘንድ ሲደርስ ክብ መሆን ከሚገባቸው ቀይ ሴሎች መካከል ሁለት ጫፋቸው ሾሎ የጎበጡ፣ ቁርጥ ማጭድ የመሰሉ አየሁ፤ በቀይ ሴሎቹ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ዓይነቱ ሲለይም ሲክል ሴል ሆኖ ተገኘ። ቀደም ብሎ ለምን እንዳልተጠረጠረ ብጠይቅ «ቅጹ ላይ ነጭ ነው የሚለው» ተባልሁ። ያቺ ሣጥን ባዶ ብትሆን ኖሮ ሕፃኑ ያን ያህል ባልተሠቃየ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሐኪሙ፦ ወንድሜ፣ የነገርከን ያሳዝናል፤ ነገር ግን «ነጭ» በሚለው ፋንታ «ሜዲትራኒያን» ተብሎ ቢጻፍ ማንኛውም ተለማማጅ ሐኪም ሲክል ሴልንና ታላሴሚያ የተባለውን በዘር የሚተላለፍ የደም ማነስ ያስብ ነበር። ፊንላንድን ተመልከቱ። በሌላው ዓለም እምብዛም የማይታዩ ከሠላሳ በላይ የዘር በሽታዎች እዚያ ይበዛሉ፤ በተቀረው አውሮፓ የተለመዱት፣ ሳንባን የሚጎዳው ሲስቲክ ፋይብሮሲስና አንጎልን የሚጎዳው ፌኒልኬቶኑሪያ ግን እዚያ ብርቅ ናቸው። «አውሮፓዊ» ብሎ የጻፈ ሐኪም ይህ ሁሉ ያመልጠዋል። ጥያቄው ጠበብ ይበል እንጂ አይውጣ።

የታላሴሚያ ተሸካሚዋ፦ ስለ እኔ ዓይነቱ ሰው እየተከራከራችሁ ስለሆነ ጣልቃ መግባቴን ይቅር በሉኝ። በሽተኛ አይደለሁም፤ ቀይ ሴሎቼ አነስ ይላሉ፣ በቃ። ሆኖም የእጮኛዬ አክስት ነገሩን ሲሰሙ «የእነሱ ወገን ደም እንዲህ ነው» አሉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምርመራው የእኔ መሆኑ ቀርቶ የመላ ዘመዶቼ ሆነ። በቆጵሮስ ከሰባት ሰው አንዱ ገደማ ተሸካሚ ነው፤ ፖለቲካ የለያያቸው ግሪክኛና ቱርክኛ ተናጋሪዎችም ይህንኑ ጂን ይጋራሉ። በግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ዘንድ ቤተ ክርስቲያን ከጋብቻ በፊት የምትጠይቀው መመርመራቸውን የሚገልጽ ወረቀት እንጂ ውጤቱን አይደለም። የእኔም ውጤት እንዲህ ተሸፍኖ ቢሆን ጥያቄው ራሱ ባላስከፋኝ ነበር።

መምህርቷ፦ እህቴ ያለችውን ዶክተር ልብ ይበሉልኝ። ጠበብ ይበል ካሉ ደግሞ «ብሔር» የሚለው ቃል ለዚህ አይበቃም፤ አያቶችዎ የት ተወለዱ፣ ወላጆችዎ ዘመዳሞች ናቸው ወይ፣ በቤተሰቡ በሕፃንነቱ የሞተ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ለኩላሊት በሽታ የሚያጋልጡት የአፖኤል1 ጂን ዓይነቶች ምዕራብ አፍሪካዊ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ሲበዙ፣ በተመረመሩ ኢትዮጵያውያን ላይ ግን አልተገኙም። ሁለቱ ሕዝቦች «ጥቁር» በሚለው አንድ ሣጥን ገብተው ነበር። የኩላሊትን ሥራ ለመገመት በአሜሪካ የሚሠራበት ቀመርም ለጥቁሮች የተለየ ማባዣ ሲጠቀም ኖሮ የተተወው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

ሐኪሙ፦ ሦስቱን ጥያቄዎች እቀበላለሁ፤ ቅጹም እንዲያ ቢታረም አልቃወምም። በጉዲፈቻ ያደገና አያቶቹን የማያውቅ ሰው ሲመጣስ ምን እንጻፍ?

የላቦራቶሪ ባለሙያው፦ እርሱን ምንም ሳንጠይቅ ደሙን እናያለን። አራስ ሕፃናትን ከተረከዛቸው ጠብታ ደም ወስዶ ለሲክል ሴል መመርመር እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በሁሉም የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የሚሠራበት ነው፤ ማን ከየት ነው ተብሎ አይጠየቅም።

ሐኪሙ፦ ለአንድ በሽታ ይሆናል። በሺህ ለሚቆጠሩት የዘር በሽታዎች ግን የቱን አስቀድመን እንፈልግ በተባለ ጊዜ ተመልሰን ያንኑ «ከየት ነህ» የሚለውን ጥያቄ ልንጠይቅ ነው፤ ለዚህ ያገኛችሁት መልስ ካለ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።