ባይፖላርና የጫት ሱስ ላለበት ሰው፦ ከሱስ እንደራቁ ለመቆየት ምን ይረዳል?

ጥያቄ (ከደሴ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የባይፖላር ሕመም (ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚነሳበት፣ አንዴ በድባቴ የሚወርድበት) እንዳለብኝ በሐኪም ተነግሮኛል። ለብዙ ዓመታት ጫት እቅም ነበር፤ ከምርቃናው በኋላም ለጨብሲ አረቄ ወይም ቢራ እጠጣ ነበር። ባለፈው ዓመት ሕመሙ ተባብሶብኝ ሆስፒታል ተኝቼ ከወጣሁ ወዲህ ሁለቱንም ትቻለሁ። አሁን ማታ ማታ ኦላንዛፒን፣ ጠዋትና ማታ ደግሞ ሶዲየም ቫልፕሮዬት እወስዳለሁ።

የምሠራው በልብስ ስፌት ቤት ነው። መድኃኒቱ ስለሚያደነዝዘኝ ጠዋት ላይ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት እንኳ ያቅተኛል። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ገደማ ባልደረባዬ ጫቱን ከኮባው ፈትቶ በማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋው ሃራራው ይነሳብኛል፤ አንድ ቀን ብቻ ብቅም ከድንዛዜው እነቃ ነበር የሚል ሐሳብም ይመጣብኛል። ከዚህ በተጨማሪ ጠበል ለመግባት አስቤ ነበር፤ አብረውኝ የሚሄዱት ሰዎች ግን መድኃኒቱን ካላቆምክ ጠበሉ አይሠራም አሉኝ። እናቴም ግራ ተጋብታለች። በዚህ ያለፋችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ ብትመክሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ (የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ በመጠን ጉዳይ የሚወስነው የሚከታተልዎ ሐኪም ስለሆነ፣ የምጽፈውን ከእሱ ጋር ለመነጋገሪያ ይጠቀሙበት።

ከድንዛዜው ልጀምር። ኦላንዛፒን እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት ነው፤ አምሽተው የሚውጡት ከሆነ ጠዋትም ላይለቅዎ ይችላል። ወደ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ቀደም ማድረግ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። ከጫት ጋር ሲጋራ ያጨሱ ከነበረና አሁን ካቆሙም ይህን ሳይደብቁ ይናገሩ። የትምባሆ ጭስ ጉበት ኦላንዛፒንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ ስለዚህ ማጨስ ያቆመ ሰው በቀድሞው መጠን ከቀጠለ በደሙ ውስጥ ያለው መድኃኒት ከፍ ይልና ድንዛዜው ይበረታበታል። መጠኑን በማስተካከል ሊቀል የሚችል ችግር ስንቱን ሰው መድኃኒቱን እንዳስጣለው ሳስብ አዝናለሁ።

ወደ ጫቱ ስንመጣ፣ በትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን ሥራው አምፌታሚን ከተባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር የሚመሳሰል ሲሆን በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ከፍ ያደርጋል። ኦላንዛፒን ደግሞ የዶፓሚንን ሥራ ከሚገቱ መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ስለዚህ ጫቱ መድኃኒቱ የሚሠራውን ያፈርሳል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን እንቅልፉ ነው። የቃመ ሰው እንቅልፍ እንቢ ሲለው መጠጥ ይጨምራል፣ ከጠጣ በኋላ ደግሞ የማታውን ክኒን ይዘላል፤ ባይፖላር ላለበት ሰው እንቅልፍ ማጣት ብቻውን እንኳ ማኒያን፣ ማለትም ከልክ ያለፈውን የስሜት መነሳት፣ ሊቀሰቅስ ይችላል። በዚህ ምክንያት ያ «አንድ ቀን ብቻ» ለባልደረባዎ አንድ ቀን ሊሆን ይችላል፤ ለእርስዎ ግን ወደ ሆስፒታል የሚመልስ ሊሆን ይችላል። ቫልፕሮዬት ጉበትን ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት በመሆኑም አልኮል ሲጨመርበት አደጋው ይብሳል።

ሳይተኙ አድረው ድካም ካልተሰማዎ፣ ንግግርዎ ከፈጠነ ወይም ገንዘብ መበተን ከጀመሩ ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ይሂዱ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብዎ ብቻዎን አይሁኑ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ይህን ለሚያነብና አሁንም በየቀኑ ለሚጠጣ ሰው ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ መጠጥን በድንገት ማቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል መናወጥ፣ ቀጥሎም መቃዠትና ከባድ ግራ መጋባት ሊያስከትል ስለሚችል በሐኪም ክትትል መሆን አለበት።

መልስ (ከአዳማ)

ወንድሜ፣ እኔም በድባቴና በመጠጥ ሱስ መካከል ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ከዚያ ጠረጴዛ ተነሥ። ለአሠሪህ የሕመምህን ስም መንገር አይጠበቅብህም፤ መድኃኒት እየወሰድኩ ስለሆነ ጫት ከሚቃምበት ራቅ ብዬ ልሥራ ማለት ይበቃል። ምሳህን ከስድስት ሰዓት ወደ ሰባት ተኩል ገፋ አድርገው፤ ጠግበህ ስምንት ሰዓት ሲደርስ ሃራራው እንደ ባዶ ሆድ አያስጨንቅም። እኔን በጣም የጠቀመኝ የደመወዝ ቀን ገንዘቡን ለእኅቴ ሰጥቼ በየቀኑ የሚያስፈልገኝን ብቻ መቀበሌ ነው። የባርጫ ጓደኞችህን መጥላት የለብህም፤ ጠዋት ቁርስ ላይ አግኛቸው፣ ከሰዓት በኋላ ግን አትሂድ።

መልስ (የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ አዲስ አበባ)

ጠበል ለመግባት መድኃኒት ማቆም ግዴታ ነው የሚለው ምክር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በእንጦጦ ጠበል የሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ አሳስበው ነበር። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ ይናገራል። ስለዚህ ጠበሉን ግባ፣ ክኒንህንም ይዘህ ሂድ። የጠዋቱ ክኒን ከጾም ሰዓት ጋር ከተጋጨብህ ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ ለሕመምተኛ ይፈቅዳሉ። በራስህ ፈቃድ ግን ክኒኑን አትዝለል። ወደ ጠበል ቦታው ስትሄድ ሕመምህንና መድኃኒትህን የሚያውቅ አንድ የቤተሰብ ሰው አብሮህ ቢሆን መልካም ነው።

መልስ (እናት፣ ከጎንደር)

ልጄ፣ ይህን ለእናትህ አንብብላት። የእኔም ልጅ ከሆስፒታል ሲወጣ፣ ጠጥቶ እንደሆነ ለማወቅ በገባ ቁጥር አፉን አሸት ነበር፤ እሱም ያንን ሽሽት ማምሸት ጀመረ። አንዲት ነርስ ስትመክረኝ ማሽተቱን ተውኩና ራት ላይ ክኒኑን ከውኃ ጋር አቀርብለት ጀመር። አብረን እንበላለን፣ ፊቴ ላይ ይውጣል፤ ሌላ ምርመራ የለም። እናትህ በቀጠሮህ ቀን አብራህ ገብታ ሐኪሙን ራሷ ትጠይቅ፤ ከዚያ በኋላ የጎረቤት ወሬ ግራ አያጋባትም።

ጠያቂው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማጨስ ያቆምኩት ከጫቱ ጋር ነበር፤ ለሐኪሙ ግን አልነገርኩትም። እናቴም አብራኝ እንደምትገባ ነግራኛለች። አንድ ነገር ልጨምር፦ የማታውን ክኒን ረስቼ ጠዋት ላይ ባስታውስ ሁለቱን በአንድ ላይ ልውጥ?

መልስ (ነርሷ)

አይዋጡ፤ የተረሳውን ለማካካስ መጠን አይደረብም። ጠዋት ላይ የጠዋቱን ቫልፕሮዬት ብቻ ይውሰዱ፤ ኦላንዛፒኑን በማታው ሰዓቱ ይቀጥሉ። በተከታታይ ከአንድ ምሽት በላይ ካለፈዎ ግን ወደሚከታተልዎ ክፍል ደውለው ይጠይቁ፤ ስለ ሲጋራውም በዚያው ይንገሯቸው፣ እስከ ቀጠሮው አያቆዩት።